ሮብዓም በሦስት ቀን ያጣው መንግሥት ቀድሞውንም አንድ አልነበረም

ጥያቄ፦ «ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የእስራኤል መንግሥት ለሁለት የተከፈለበትን ታሪክ (1ኛ ነገሥት 12) ሳስተምር ተማሪዎቼን አንድ ነገር አልዋጥ ይላቸዋል። ሰሎሞን ያን የሚያህል ሀብታምና ጠንካራ መንግሥት ትቶ ነው የሞተው። ወራሹ ሮብዓም ገና ልጅ ሆኖ የጓደኞቹን ምክር ስለሰማ ብቻ እንዴት በሦስት ቀን ዐሥር ነገድ ያጣል? መጽሐፉ ደግሞ አስቀድሞ የሰሎሞን ጣዖት አምልኮ ቅጣት ነው ይላል። ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው? ሰሎሞን፣ ሮብዓም ወይስ ኢዮርብዓም?»

ምላሽ፦

ተማሪዎችዎ ልክ ናቸው። የጸና መንግሥት በሦስት ቀን ምክክር አይፈርስም። ችግሩ ታሪኩን ከምዕራፍ 12 መጀመራችን ነው። ከዚያ ከተጀመረ ሮብዓም ድንገት የመጣ ሞኝ ይመስላል። ከ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 2 ከተጀመረ ግን ስንጥቁ ከመጀመሪያው እንደነበረ ይታያል።

በቅድሚያ ዕድሜውን እናስተካክል። ሮብዓም ልጅ አልነበረም። 1ኛ ነገሥት 14፥21 ሲነግሥ የ41 ዓመት ሰው እንደነበር ይናገራል። አብረውት ያደጉት «ብላቴኖች»ም በዚያው አካባቢ ዕድሜ ያላቸው፣ በሰሎሞን ማዕድ እየበሉ የጎለመሱ ሰዎች ናቸው። በ2ኛ ዜና መዋዕል 13፥7 ላይ ሮብዓም «ሕፃንና ልበ ለስላሳ» ተብሏል። ይህን የተናገረው ግን ልጁ አብያ ነው፤ ያውም ከተገነጠለው የሰሜን ንጉሥ ከኢዮርብዓም ጋር ሊዋጋ ተሰልፎ አባቱን ሲከላከል። ስለዚህ «ልጅነት አሳሳተው» የሚለውን ማብራሪያ ከትምህርትዎ ያውጡት።

ዋናው ስሕተት ግን ሌላ ነው። አብዛኞቻችን ከሳኦል እስከ ሰሎሞን ያለውን ዘመን የአንድ ወጥ መንግሥት ዘመን አድርገን ነው የተማርነው። ዳዊትና ሰሎሞን የገዙት ሁለት ቤት ነው፤ የደቡቡን የይሁዳን ቤትና የሰሜኑን የእስራኤልን ቤት። ሳኦል በጊልቦዓ ሲሞት የይሁዳ ሰዎች ዳዊትን ኬብሮን ላይ ቀብተው አነገሡት። ሰሜኑ አልተከተላቸውም። የሳኦል የጦር አለቃ አበኔር የሳኦልን ልጅ ኢያቡስቴን ከዮርዳኖስ ማዶ ወስዶ አነገሠው። ዳዊት 7 ዓመት ከ6 ወር የይሁዳ ብቻ ንጉሥ ሆኖ ቆየ። አበኔርም ኢያቡስቴም ከተገደሉ በኋላ ነው የእስራኤል ሽማግሌዎች ኬብሮን ድረስ መጥተው፣ በእግዚአብሔር ፊት ከዳዊት ጋር ቃል ኪዳን አድርገው የቀቡት። ሁለት ቅብዐት፣ ሁለት ስምምነት፣ አንድ ንጉሥ። ኢየሩሳሌም ዋና ከተማ የሆነችውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የኢያቡሳውያን ከተማ ነበረች። ዳዊት ከራሱ ሰዎች ጋር ሄዶ ያዛት እንጂ የሰሜኑም ሆነ የደቡቡ ነገድ አልሰጠውም።

ከዚያ በፊት ያለው ዘመንም ይህንኑ ነው የሚያሳየው። በመሳፍንት ጊዜ ነገዶቹ ቋሚ ጦር፣ ዋና ከተማ፣ የጋራ ግምጃ ቤት አልነበራቸውም። ዕለት ተዕለት የሚያስተዳድሩት የየከተማው ሽማግሌዎች ነበሩ። ለችሎት የሚቀመጡት በከተማው በር ነበር። ቦዔዝ የሩትን ጉዳይ ለመጨረስ በበሩ ላይ 10 ሽማግሌዎች ጠርቶ ያስቀመጠው ለዚህ ነው። ጠላት ሲመጣ መስፍን ይነሣል፣ የፈቀደ ነገድ ይከተለዋል፣ ያልፈቀደ ይቀራል። በመሳፍንት 5 ያለውን የዲቦራን መዝሙር ያንብቡ። ኤፍሬም፣ ብንያም፣ ዛብሎን፣ ንፍታሌም በመምጣታቸው ይመሰገናሉ። ሮቤልና ዳን በመቅረታቸው ይወቀሳሉ። ይሁዳ ግን አልተመሰገነም፣ አልተወቀሰም። ስሙም አልተነሣ። ይመጣል ብሎ የጠበቀው ያለ አይመስልም።

አሁን ወደ አንድ ትዕይንት ልውሰድዎ። የአቤሴሎም አመፅ ከሽፎ ዳዊት ዮርዳኖስን ተሻግሮ ሲመለስ የይሁዳ ሰዎች ቀድመው ተቀበሉት። የእስራኤል ሰዎች ተቆጡ። «በንጉሡ ዘንድ ዐሥር ክፍል አለን፤ ስለምን ናቃችሁን?» አሏቸው። ይሁዳዎቹ ደግሞ ንጉሡ የሥጋ ዘመዳችን ነው ብለው መለሱ። ጭቅጭቁ ሳይበርድ ብንያማዊው የቢክሪ ልጅ ሳቤዔ ቀንደ መለከት ነፋ። በዳዊት ዘንድ ድርሻ የለንም፣ በእሴይ ልጅ ዘንድ ርስት የለንም፣ እስራኤል ሆይ ወደየድንኳንህ ሂድ ብሎ ጮኸ። ሰሜኑ ግልብጥ ብሎ ተከተለው። የዳዊት የጦር አለቃ ኢዮአብ እስከ ሰሜን ጫፍ፣ እስከ አቤል ቤትመዓካ አሳድዶ ከተማዋን ከበበ። አንዲት ብልህ ሴት ከከተማው ሰው ጋር ተማክራ የሳቤዔን ራስ በቅጥሩ ላይ አስወረወረችለት። አመፁ በዚያ አበቃ። ጩኸቱ ግን አልሞተም። ሮብዓም ሊነግሥ በሄደባት በሰሜኗ ከተማ በሴኬም የሰማው ያንኑ ቃል ነው ማለት ይቻላል። በሁለቱ መካከል የሰሎሞን 40 ዓመት ንግሥና አለ። የአመፅ ቃል ይህን ያህል ሳይረሳ የሚቆየው ሰው በየቤቱ ሲያወራው ነው።

ሰሎሞን ራሱ እንዴት ነገሠ? በመጽሐፈ ነገሥት ትረካ ነገሩ የተጨረሰው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ናታንና ቤርሳቤህ ወደ ሽማግሌው ንጉሥ ገቡ፤ ካህኑ ሳዶቅ ግዮን ላይ ቀባው፤ በናያስ ከንጉሡ ጠባቂዎች ጋር አጀበው። የሰሜን ሽማግሌዎች መጥተው ቃል ኪዳን ሲያደርጉ አይታዩም። በኬብሮን የተፈረመው ውል ከዳዊት ጋር ነበር። ሰሎሞን ሳያድስ ወረሰው።

እዚህ ላይ እኛ አማርኛ አንባቢዎች ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ሰሎሞንን የምናየው በራሳችን ነገሥታት በኩል ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ቆጥሮ፣ ሥልጣናቸው እንደማይደፈር ይደነግግ ነበር። ያ ሥዕል በጭንቅላታችን ስላለ የእስራኤልም ንጉሥ የፈለገውን የሚያደርግ ይመስለናል። አልነበረም። ዘዳግም 17 ንጉሡ ፈረስ፣ ሚስት፣ ብርና ወርቅ እንዳያበዛ ይከለክላል፣ ሕጉንም ለራሱ ገልብጦ ዕድሜውን ሙሉ እንዲያነብ ያዝዛል። የናቡቴም ታሪክ አለ። አክዓብ ሠረገላና ጦር ያለው ኃያል የሰሜን ንጉሥ ነው። የወይን ቦታ ፈለገ፤ በለውጥ ሌላ ወይም ገንዘብ ልስጥህ አለ። ናቡቴ «የአባቶቼን ርስት አልሰጥም» አለ። ንጉሡ ምን አደረገ? ቤቱ ገብቶ አልጋው ላይ ተኛ፣ ፊቱን አዞረ፣ እህል አልቀምስም አለ። የተናደደችው ከሲዶና የመጣችው ንግሥት ኤልዛቤል ናት። እሷም ብትሆን መሬቱን በቀጥታ መንጠቅ አልቻለችም። ለከተማው ሽማግሌዎች ደብዳቤ ጽፋ፣ ሁለት የሐሰት ምስክር አስቁማ፣ ችሎት አስመስላ ነው ያስገደለችው። ወንጀሉ አስነዋሪ ነው። ግን የንጉሡ እጅ እስከ የት እንደሚደርስ በግልጽ ያሳያል።

አሁን ወደ ሸክሙ። በሴኬም የተሰበሰቡት ሰዎች ያቀረቡት ቅሬታ ስለ ጣዖት ሳይሆን ስለ ቀንበር ነው። ይህን ቀንበር 1ኛ ነገሥት 4 እና 5 በቁጥር ይነግሩናል። ሰሎሞን እስራኤልን በ12 ሹሞች ከፈለ፤ እያንዳንዱ በዓመት አንድ ወር ቤተ መንግሥቱን ይቀልባል። የአንድ ቀን ቀለብ 30 ኮር (የእህል መስፈሪያ ነው) መልካም ዱቄት፣ 60 ኮር መናኛ ዱቄት፣ 10 የሰቡ በሬዎች፣ 20 ከመስክ የመጡ በሬዎች፣ 100 በግ ነው፤ ሚዳቋውና ወፉ ሳይቆጠር። ከሹሞቹ ሁለቱ የንጉሡ አማቾች ናቸው። ብዙዎቹ ወረዳዎች የድሮውን የነገድ ወሰን አይከተሉም፤ ሽማግሌዎቹን አልፎ በቀጥታ ለቤተ መንግሥት የሚገብር አከፋፈል ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይሁዳ በ12ቱ ዝርዝር ውስጥ በግልጽ አይታይም። ብዙ ሊቃውንት የንጉሡ ነገድ ከቀለቡ ነጻ ነበር ብለው ያነቡታል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። አለበለዚያ የሰሜኑን ቁጣ ልክ መረዳት ይቸግራል።

ቀለቡ ላይ የጉልበት ግብር ተጨመረ። 30,000 ሰው ተመልምሎ 10,000ው በየወሩ እየተፈራረቀ ሊባኖስ ይሄዳል፤ አንድ ወር እዚያ፣ ሁለት ወር ቤቱ። ሲደመር በዓመት አራት ወር ማለት ነው። ለገበሬ ይህ ምን እንደሆነ ለማየት ጌዝር ላይ በ1908 እ.ኤ.አ. የተገኘችውን ትንሽ የኖራ ድንጋይ ይመልከቱ። ዕድሜዋ ወደ ሰሎሞን ዘመን ይጠጋል። የዓመቱን ሥራ በወር በወር ትዘረዝራለች፦ ሁለት ወር መሰብሰቢያ፣ ሁለት ወር መዝሪያ፣ ሁለት ወር ዘግይቶ መዝሪያ፣ አንድ ወር ተልባ ማጨጃ፣ አንድ ወር የገብስ አጨዳ፣ አንድ ወር አጨዳና መስፈሪያ፣ ሁለት ወር የወይን ሥራ፣ አንድ ወር የበጋ ፍሬ። ይደምሩት፤ 12 ይመጣል። ትርፍ ወር የለም። ሊባኖስ የሚሄደው ሰው ከእርሻው ተነጥቆ ነው።

ቤተ መቅደሱ 7 ዓመት፣ የንጉሡ ቤት 13 ዓመት ፈጀ። ዕዳው ሲከማች ሰሎሞን በገሊላ ያሉ 20 ከተሞችን ለጢሮስ ንጉሥ ለኪራም ሰጠው። ግንባታው የተሠራው ኢየሩሳሌም፣ የተሰጠው መሬት ሰሜን። ይህን ያየ የኤፍሬም ወይም የንፍታሌም ሽማግሌ ምን እንደሚል ለተማሪዎችዎ ይተዉላቸው።

አንድ የሚያደናግር ቦታ አለ። 1ኛ ነገሥት 9፥22 ሰሎሞን ከእስራኤል ልጆች ማንንም ባሪያ አላደረገም ይላል። ምዕራፍ 5 ደግሞ ገባሩ ከእስራኤል ሁሉ ተመለመለ ይላል። ምዕራፍ 9 ስለ ዘላለም ባርነት፣ ምዕራፍ 5 ስለ ተራ ግዳጅ ነው ብለው የሚያስታርቁ አሉ። ሊሆን ይችላል። ሆኖም 11፥28 ኢዮርብዓም «በዮሴፍ ቤት ሥራ» ላይ እንደተሾመ ይናገራል። የዮሴፍ ቤት ኤፍሬምና ምናሴ ነው። ስለዚህ እስራኤላውያን ግዳጅ አልነበረባቸውም ብለው እንዳያስተምሩ።

ኢዮርብዓምም ከዚሁ ሥራ ውስጥ የወጣ ሰው ነው። የመበለት ልጅ፣ ኤፍሬማዊ፣ ሚሎ በተባለው የኢየሩሳሌም ምሽግ ግንባታ ላይ ትጉነቱ ታይቶ የተሾመ። የገዛ ወገኑ ጉልበት ሲፈስ ቆሞ የሚቆጣጠር ነበር። ሴሎናዊው ነቢይ አኪያ አዲሱን ልብስ 12 ቦታ ቀድዶ ዐሥሩን የሰጠው ለዚህ ሰው ነው። ሰሎሞን ሊገድለው ሲፈልግ ወደ ግብፅ ንጉሥ ወደ ሺሻቅ ሸሸ።

አሁን ወደ ሴኬም ስንመጣ ነገሩ ሁሉ መልክ ይይዛል። ዳዊት ጋ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው መጥተው ነበር። ሮብዓም ግን ወደ እነሱ ሄደ። ለዚያውም ወደ ሴኬም፤ በጌባልና በገሪዛን ተራሮች መካከል፣ ኢያሱ ሕዝቡን ቃል ኪዳን ያስገባበት፣ የዮሴፍ አፅም ያረፈበት የሰሜን እምብርት። ይሁዳ ሮብዓምን ያለ ክርክር ተቀብሎታል። የቀረው የእስራኤል ውል ነው። እነሱም ያሉት አጭር ነው፦ አባትህ ያከበደውን ቀንበር አቅልልን፣ እንገዛልሃለን። ይህ አመፅ አይደለም፤ ድርድር ነው። አባቱን ያገለገሉት ሽማግሌዎች ዛሬ ለዚህ ሕዝብ አገልጋይ ብትሆን ለዘላለም አገልጋዮችህ ይሆናሉ ብለው የመከሩት፣ እንዲህ ያለ ውል እንዴት እንደሚታሰር ስለሚያውቁ ነው።

ሮብዓም ምን አማራጭ ነበረው? ሽማግሌዎቹን መስማት ይችል ነበር። ግን ነጻ አማራጭ አልነበረም። ቀንበሩን ማቅለል ማለት የቤተ መንግሥቱን ማዕድ መቀነስ፣ ግንባታን ማቆም ወይም ሸክሙን ለይሁዳ ማካፈል ነው። አብረውት ያደጉት ሰዎች የተቃወሙት ለዚህ ይመስለኛል፤ የሚቀነሰው የእነሱ እንጀራ ነበር። ሁለተኛው መንገድ መካከለኛ ነው፤ የተጠላውን ሹም ማንሣት፣ የግዳጁን ወር ማሳጠር። ማንም ያነሣው አይመስልም። ሦስተኛው ኃይል ነው። ሮብዓም በጅራፍና በጊንጥ አስፈራርቶ ይህን መረጠ፤ የሚያስፈጽምበት ጦር ግን ሴኬም ላይ አልነበረውም። ከዚያ የባሰውን አደረገ። የግዳጁን አለቃ አስገባሪውን አዶኒራምን ላከባቸው። በድንጋይ ወግረው ገደሉት። ንጉሡ ፈጥኖ ሠረገላው ላይ ወጥቶ ወደ ኢየሩሳሌም ሸሸ።

ቅጣት ነው ወይስ ፖለቲካ ለሚለው፣ መጽሐፉ ራሱ አንዱን ጥሎ ሌላውን እንድንይዝ አይጠይቀንም። ምዕራፍ 11 የሰሎሞንን ልብ መዞር ምክንያት ያደርጋል። ምዕራፍ 12፥15 ንጉሡ ሕዝቡን ያልሰማው ነገሩ ከእግዚአብሔር ስለተወሰነ ነው ይላል። ያው ምዕራፍ ስለ ቀንበርና ስለ አስገባሪው በዝርዝር ይተርካል። ሁለቱንም የጻፈ ሰው ሁለቱም እንዲነበቡለት ፈልጓል። ፍርዱ የወረደው በሰዎች እጅ፣ በቀለብ፣ በጉልበትና በተቆጡ ሽማግሌዎች በኩል ነው።

ጥፋተኛው ማን ነው ላሉት መልሴ ግልጽ ነው። ትልቁ ድርሻ የሰሎሞን ነው፤ በእምነቱም በአስተዳደሩም። ሮብዓም የመጨረሻዋን ዕድል አበላሸ። ኢዮርብዓም ክፍፍሉን አልፈጠረም፤ መጽሐፉ እሱን የሚከሰው ከዚያ በኋላ በቤቴልና በዳን ባቆማቸው የወርቅ ጥጆች ነው። ሁለቱን ክሶች አያምታቷቸው።

ሲያስተምሩ የሚጠነቀቁባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። የነገዶቹን ቁጥር በሒሳብ ለማስታረቅ አይድከሙ። አኪያ 10 ሰጠ፣ አንድ ቀረ ይላል፤ 12 አይሞላም። 12፥20 ይሁዳ ብቻ፣ ቀጣዩ ቁጥር ይሁዳና ብንያም ይላል። ብንያም የድንበር ነገድ ስለነበር ነው። ስለ ሰሎሞን ግዛት ስፋትም አርኪዮሎጂ «ተረጋገጠ» አይበሉ። በመጊዶ፣ በሐጾርና በጌዝር የተገኙት ትልልቅ የከተማ በሮች የሰሎሞን ናቸው ወይስ የኋላ ዘመን በሚለው ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። በተቃራኒው ደግሞ «ዳዊት ተረት ነው» ለሚሉ መልስ አለ፤ በቴል ዳን በ1993 እ.ኤ.አ. የተገኘው የአራማይክ ጽሑፍ «ቤተ ዳዊት»ን ይጠራል። ሺሻቅም በሮብዓም 5ኛ ዓመት እንደዘመተ መጽሐፉ ይናገራል፤ የራሱ የዘመቻ ዝርዝር ካርናክ ግድግዳ ላይ ተቀርጾ አለ።

ሰሜኑን ደካማ ተገንጣይ አድርገውም አይሣሉት። ሀብቱና ሕዝቡ ያለው እዚያ ነበር። አክዓብ በ853 ከክርስቶስ ልደት በፊት በቃርቃር ጦርነት 2,000 ሠረገላ እንዳሰለፈ የጠላቱ የአሦር ንጉሥ ጽሑፍ ይመሰክራል። የሰሜኑ ችግር ዙፋኑ አለመጽናቱ ነው፤ በግምት 200 ዓመት ውስጥ 19 ነገሥታት ተፈራረቁ፣ አንዱም (ዘምሪ) የቆየው 7 ቀን ነው። የዳዊት ቤት በትንሿ ይሁዳ እስከ 586 ከክርስቶስ ልደት በፊት ቀጠለ።

ምክሬ ይህ ነው። ትምህርቱን ለሁለት ሳምንት ይክፈሉት። በመጀመሪያው 2ኛ ሳሙኤል 2፣ 5፥1–5 እና ከ19፥41 እስከ 20፥22 ያንብቡ። በሁለተኛው 1ኛ ነገሥት 4፣ 5፥13–18፣ 9፥10–23፣ 11፥26–40፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ምዕራፍ 12። ቁጥር 24ንም እንዳይዘሉት። ሮብዓም ጦር አሰባስቦ ሊወጋ ሲል ነቢዩ ሳማያ «ከወንድሞቻችሁ ጋር አትዋጉ» ብሎ አስቆመው፤ ሕዝቡም ሰምቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ተማሪዎችዎ ታሪኩን ከዛሬ የአገር ፖለቲካ ጋር ለማዛመድ ሲሞክሩ፣ አንድ ወገን ደግፎ ለመጥቀስ ከመቸኮላቸው በፊት ይህንን ቁጥር እንዲያነቡ ያድርጉ።